እንግዳው ምሳ ላይ ነው

እንግዳ ማክበር ደግ ነው ብሎ የሚመክረኝ ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ጥርሴን ነክሼ ነው የማዳምጠው። ደግነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም ያደግኩት እንግዳ ሳይበላ በማይወጣበት ቤት ነው። ግን አንድ ሐሙስ ቀን ያገሬ ሰው እንግዳ ሲያከብር ቤቴን ሊያፈርስብኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ያንን ቀን አብሮኝ ያልዋለ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ባይመክረኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አጋሮ። ባሌ መኰንን ታሞ ብዙም ሳይተኛ ሞተብኝና ገና በወጣትነቴ መበለት ሆኜ ቀረሁ። ትቶልኝ የሄደው ከከተማው ጫፍ፣ ከጅማ በሚመጣው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቡና መፈልፈያ ቤት ናት። ማሽኑ የጃፓን ሥሪት ነው። ገበሬው ያደረቀውን ጀንፈል ቡና ከነገለባው አምጥቶ በማሽኑ አፍ ያፈሰዋል፤ በወዲያ በኩል ፍሬው ጠርቶ ይወጣል። እኔ የምኖረውም የምከበረውም በዚያ ማሽን ነበር።

ዓይነ አፋር ነበርኩ። እንዲህ ስላችሁ የሚያውቁኝ ይስቃሉ፣ ግን እውነት ነው። ወንድ ሲያናግረኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። አንዱ ነጋዴ መጥቶ "እትዬ አስቴር፣ የኔን ጀንፈል አስቀድሚልኝ" ሲለኝ "እሺ" እለዋለሁ። ሌላው ይመጣና ያንኑ ይለኛል፣ እሱንም "እሺ" እለዋለሁ። ከዚያ ሁለቱ በሬ ላይ ይደባደባሉ። እኔ እጓዳ ገብቼ እሸሸጋለሁ።

የባሌ ታላቅ ወንድም ተክሌ ይህን እያየ ነው ሽማግሌ የሰበሰበው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ባማው ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ አለ፦ "መፈልፈያ ቤት ሾፌር አለ፣ ደላላ አለ፣ ሰካራም አለ። እሷ እምቢ ማለት አታውቅም። በቁሟ ይውጧታል። ማሽኑን እኔ ልያዘው፤ እሷን ከልጆቼ እኩል እቀልባታለሁ።"

እቀልባታለሁ አለ፤ እንደ በግ። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ሰይጣን ጆሮ አለው እንደሚባለው፣ በዚያው ሰሞን፣ ቡናው ተለቅሞ ደርቆ ጆንያው እስከ ጣሪያ በተከመረበት ወቅት፣ ማሽኑ አንድ ቀን ጮኸና ቀጥ አለ። የዋናው ሻፍት ኩሽኔታ ተሰባብሯል። ሻፍቱ የሚሽከረከረው በሱ ውስጥ ነውና ያለ እሱ ማሽኑ የብረት ክምር ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጎረቤቴ ሐጂ አባ ፊጣ ነበሩ፣ ያማቴ የድሮ ወዳጅ። እሳቸው ፈረዱ። "በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንገናኛለን። እስከዚያ ማሽኑ ከተነሳ ባንቺው ይቀጥላል፣ ኢንታላ ኮ። ካልተነሳ ተክሌ ይረከብሽ።" ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። እሳቸው ሲቆጡም ሲፈርዱም ልጄ ነው የሚሉኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ማሽኑን የሸጠልን ነጋዴ እቃው የለም፣ ቢኖርም የሚገጥመው ሰው የለም አለኝ። እዚያው ሱቅ ደጅ ቆሜ ሳለቅስ አንድ አላፊ አግዳሚ "ጃፓኖቹ እኮ ቆንስላ አላቸው፣ ለምን አትጠይቂያቸውም" አለኝ። ሄድኩ። ሄጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አንድም ቃል መናገር አቃተኝ። ዘበኛው ጉዳይሽ ምንድነው ሲለኝ ዝም። ጸሐፊዋ ስትጠይቀኝ ዝም። በመጨረሻ ቆንስሉ ራሱ ለምሳ ሲወጣ አየኝና በአስተርጓሚው በጌታሁን በኩል ጠየቀኝ።

"ማሽናችሁ ቆመ" አልኩ ከነጠላዬ ሥር።

"የት?"

"አጋሮ።"

የሰውየው ፊት በራ። ምሳውን ትቶ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ጌታሁን እየተረጎመ ነገረኝ። "የዚያን አገር ቡና አገራችን ይጠጣዋል፣ እኛ ግን አገሩንም ሰዉንም አናውቅም ይላል። ቆንስላ የተከፈተው ማኅተም ለመምታት ብቻ አይደለም፣ ሰውና ሰው እንዲተዋወቅ ነው ይላል። ሚስተር ኦኩዳ የሚባል የማሽን ባለሙያ አለን፣ ኩሽኔታውን ይዞ ይመጣል። እኔም አብሬ እመጣለሁ ይላል።"

እኔም እመጣለሁ ያለው ነው ያበላሸው። ኦኩዳ ብቻውን በአውቶቡስ ቢመጣ ኖሮ ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር። ማን ያየዋል? ቆንስሉ ሲጨመር ግን ነገሩ የመንግሥት ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ስልክ ተደወለ። የጃፓን መንግሥት ሊጎበኘን ነው ተባለ። መንገዱ ተጠረገ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ፣ የኔ በር ድንጋይ ሳይቀር። ስለ ማሽኑ ግን ማንም ቃል አልተናገረም።

እቅዱ ረቡዕ ከሰዓት አጋሮ ገብተው ሐሙስን ሙሉ ሠርተው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መመለስ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ገና ጅማ ሳይደርሱ ሰኮሩ ላይ መንገዱ መሐል ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። "ሰኮሩን በርሃብ ማለፍ አይቻልም" ተብለው ተቀመጡ። ጅማ ሲገቡ ደግሞ የጅማ ሰው ከሰኮሩ ሊያንስ ነው? ጅማ በልተው ጅማ አደሩ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መኪናቸው አጋሮ ደረሰ። የማሽኑ ሠራተኛ ሙስጠፋ ማሽኑን ፈታትቶ፣ ብሎኑን ሁሉ በጋዝ አጥቦ እየጠበቀ ነበር። እኔ በሬ ላይ ቆምኩ። ላንድሮቨሩ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ አለፈኝ። ተክሌ ከፊት ከፊት እየሮጠ በእጁ መንገድ ያሳያቸዋል። አንድ ቀጠን ያለ ሰው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ መፈልፈያዬ በጣቱ ሲያመለክት አየሁት። ኦኩዳ እሱ ነው። ማንም አላየውም።

የወሰዷቸው ሐጂ ቤት ነው። እዚህ ላይ ያገራችንን ነገር የማያውቅ ካለ ልንገረው። እስላሙ የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን። ስለዚህ አጋሮ ውስጥ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይታረዳል፣ ሁለት ጊዜ ይደገሳል። እንግዳው ደግሞ አንዱ ቤት በልቶ ሌላውን ቢያልፍ አድልቷል ይባላልና ሁለቱም ዘንድ ይበላል። ጠዋት ሐጂ ቤት፣ ከዚያ የወረዳው ገዢ ቤት። ይህን የወሰነው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁሉም በልቡ ያውቀዋል።

ሐጂ ቤት ገብቼ በሴቶቹ በኩል ቆምኩ። የበግ ሥጋ በሩዝ ቀርቧል፤ ለእንግዶቹ ሳህን ተሰጥቷቸዋል። በኋላ ጌታሁን እንደነገረኝ በጃፓኖች ዘንድ የቀረበልህን ሙልጭ አድርገህ ካልጨረስክ ባለቤቱን ሰደብከው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የእንግዳ ሳህን ባዶ ከታየ ባለቤቱ በሐፍረት ሞተ። እንግዲህ አስቡት። ኦኩዳ ላቡ ጠብ እስኪል ይጨርሳል፣ የሐጂ ልጆች ወዲያው ይሞሉታል። ይጨርሳል፣ ይሞሉታል። እሱ ተከበርኩ ይላል፣ እነሱ አከበርን ይላሉ፣ እኔ ደሜ ይፈላል።

ብድግ ሲል "አፈር ስሆን" ይሉታል። ቆንስሉ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። ጌታሁን እንዳለ ተረጎመለት መሰል፣ ቆንስሉ ደንግጦ ለኦኩዳ አንድ ነገር ሹክ አለው። ኦኩዳም ሰው እንዳይሞትበት ተመልሶ ተቀመጠ።

ጌታሁንን በጓሮ በር ጠራሁት። "እባክህ ማሽኑ እየጠበቃቸው ነው በላቸው።" ሄደና ነገራቸው። ቆንስሉ ወደኔ ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፣ ኦኩዳም ጎንበስ አለ። ሁለቱም አልተነሱም።

"ምንድነው የነገርካቸው?"

"እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች አልኳቸው። ምን ላድርግ እትዬ፣ ሰው ምግብ ላይ ሳለ ሥራ አይነሳም።"

ወደ ሐጂ ጠጋ አልኩ። "አባ ሐጂ፣ ማሎ፣ ቀኑ ሄደ።" ማሎ ብሎ የለመነን ሰው እምቢ ማለት አጋሮ ውስጥ ነውር ነው።

"ኢንታላ ኮ፣ ሰው ከጃፓን ድረስ መጥቶ ሳይበላ ብረት ይጨብጣል? ምን ይሉናል?"

"የመጣው እኮ ብረቱን ሊጨብጥ ነው።"

"ኤዬ፣ አዎ፣ ይጨብጣል። መጀመሪያ ይብላ። ኢንሻአላህ ይደርሳል።"

አልደረሰም። ከሐጂ ቤት ሲወጡ የገዢው ዘበኞች ደጁ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ገዢው ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል፣ ዶሮ ወጡ ደርሷል፣ ጠጁ ተቀድቷል። ሐጂም ታድመዋል፤ ለእሳቸው ዳቦና ማር ለብቻ ቀርቦላቸዋል። ተክሌ የእጅ ማስታጠቢያ ይዞ ያስተናግዳል። ጥጉ ላይ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ነገ ይሄዳሉ።"

"አስቴር፣ አታሳፍሪን። ገዢው ፊት ስለ ብሎን ይወራል?"

ሆን ብሎ ነው ወይ ብዬ ፊቱን መረመርኩት። ላብ በላብ ሆኗል፣ ሸሚዙ ላይ ወጥ ፈሶበታል፣ ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ይጨነቃል። ከልቡ ነው። ሆን ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተንኮለኛን ሰው ይጣላዋል፣ ቸርን ምን ታደርገዋለህ?

ከዚያ ገዢው ተነሣና ፕሮግራሙን ተናገረ። ከምሳ በኋላ ንግግር፣ ከንግግር በኋላ ትምህርት ቤት ጉብኝት፣ ከዚያ ስጦታ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ራት። ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት አነሣና ሰዉ አጨበጨበ። ኦኩዳ የመሣሪያ ሳጥኑን በወንበሩ ሥር በእግሩ እየነካ ሳህኑን ያያል። ሳህኑ እንደገና ተሞልቷል።

ወጥቼ ወደ መፈልፈያዬ ሄድኩ። ሙስጠፋ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

"መጡ?"

"ምሳ ላይ ናቸው።"

"አሁንም?"

መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፣ የንዴት ነው። ሁሉም ይወደኛል፣ ሁሉም እንግዳዬን አከበረልኝ፣ ከነገ ወዲያ ግን ሁሉም ተሰብስቦ ማሽኑ አልተነሳም ይለኛል። እቀለባለሁ። የተክሌ ሚስት፣ እኔ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ እንጀራ ስትቆርስልኝ ታየኝ። ያኔ እንባዬ ደረቀ።

"ሙስጠፋ፣ ሻፍቱን አውጣው።"

"ወዴት ሊሄድ?"

"እንግዳው ወደ ብረቱ ካልመጣ ብረቱ ወደ እንግዳው ይሂድ።"

ትንሽ አየኝና ቁልፉን አነሣ። ሁለት ተሸካሚዎች ጠራን። ሻፍቱን ከነተሰባበረው ኩሽኔታ፣ የግራሶ ቅባቱ እየተንጠባጠበ፣ በከተማው መሐል ተሸክመውት ሄዱ። እኔ ከፊት ነኝ። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ያያል። ገዢው በር ላይ ዘበኛው ያዘን።

"ምንድነው ይሄ?"

"ለእንግዳው ነው" አልኩት። አልዋሸሁም። ቀኑን ሙሉ ለእንግዳው ስጦታ ይዞ የሚገባው ሰው ብዙ ስለነበር አሳለፈን።

አዳራሹ ውስጥ ገዢው ንግግር ላይ ነበር። "አስቀምጡት" አልኩ። የት ብለው አዩኝ። "ጠረጴዛው ላይ።" ዶሮ ወጡን በክንዴ ገፋ አደረግኩና አስቀመጡት። ነጩ ጨርቅ ላይ ጥቁሩ ግራሶ ሲሰራጭ አየሁ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ገዢው ንግግሩን አቋርጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ እያለ።

ነጠላዬ ከአፌ ላይ የት እንደሄደ አላውቅም። "ጌታዬ፣ ሰውየው የመጣበት ጉዳይ ይሄ ነው። ትናንት ሰኮሩ በላ። ጅማ በላ። ዛሬ ሐጂ ቤት በላ፣ እርስዎ ቤት በላ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል። ቅዳሜ እኔ ቤቴን እነጠቃለሁ። ይብላ ካላችሁ እየበላ ይሥራ።"

"አስቴር" አለ ተክሌ በዝቅተኛ ድምፅ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ።"

ዝም አለ። ወደ ጌታሁን ዞርኩ። "አንተ ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ ብላለች እንዳትል። እንዳልኩት ንገራቸው።"

ኦኩዳ ትርጉሙን አልጠበቀም። ሻፍቱን በጣቱ ዳበሰው፣ አሽከረከረው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። ከመጣ ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። እጅጌውን ጠቀለለ፣ ሳጥኑን ከወንበሩ ሥር ጎተተ። የተሰባበረውን ኩሽኔታ ለማውጣት አንድ ሰው ሻፍቱን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነበረበት። ቆንስሉ ኮቱን አውልቆ ያዘው። የአንድ መንግሥት ቆንስል ግራሶ ውስጥ እጁን ከትቶ ገዢው ተቀምጦ ይቀራል እንዴ? ገዢው ተነሣ። ገዢው ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ሐጂም ማሩን ትተው ተነሡ።

ኦኩዳ አዲሱን ኩሽኔታ እዚያው ገጠመ፤ ሻፍቱን ላንድሮቨሩ ላይ ጫኑትና ድግሱ በሙሉ ወደ መፈልፈያዬ ወረደ። ኦኩዳና ሙስጠፋ በቋንቋ አይግባቡም፣ ግን አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ቁልፉን ያቀብለዋል። ጀንበር ስትጠልቅ ሙስጠፋ ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ አገባ፣ ሞተሩን አስነሣ። ማሽኑ አንዴ አጓራና ዞረ። ጀንፈሉ ገባ፣ ፍሬው ወጣ። ቆንስሉ ከፍሬው በመዳፉ ዘግኖ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ምን ይላል?" አልኩት ጌታሁንን።

"ሁለት ቀን ሙሉ እንግዳ ነበርን ይላል። እንግዳ ደግሞ ማንንም አያውቅም። ዛሬ ማታ ሪፖርት ስጽፍ ስለ እሱ የምጽፈው ሰው አገኘሁ ይላል።"

ነገሩ አለቀ ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ በአጥሩ ማዶ እየጮኸ ነው፣ ለመነጋገር እንኳ ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋቸዋል። አንዱም ስለ ማሽኑ አላነሣም። አንደኛው ስለ ገዢው የጠረጴዛ ልብስ ተናገረ። ሁለተኛው ዶሮ ወጥ በክንድ መገፋቱ ከየት የመጣ ባሕል ነው አለ። ሦስተኛው የባሏን ታላቅ በሰው ፊት ዝም በል ያለች ሴት በዕድሜው ሰምቶ እንደማያውቅ አስረዳ። እኔ ቁጭ ብዬ ማሽኑን አዳምጣለሁ፣ በሆዴ እቃጠላለሁ። ደንቆሮ ናችሁ ወይ ልል ምንም አልቀረኝ።

ተክሌ እጁን አወጣ። አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔ ይህን ጉዳይ ያመጣሁት" አለ፣ "አስቴር እምቢ ማለት አትችልም፣ ነጋዴ ይውጣታል ብዬ ነው። ሐሙስ ዕለት ገዢውን ከነንግግሩ አስነሣችው። እኔን ዝም ይበሉ አለችኝ፣ ዝም አልኩ። እስካሁን ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም። እንግዲህ እኔን እንዲህ ካደረገች ደላላ ከሷ ጋር ምን ሊሆን ነው? ጥያቄዬን ትቻለሁ።"

ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። "ጋሪዳ፣ መልካም ነው። መፈልፈያው የሷ ነው። ስለ ነውሩ ግን ካሳ አለባት። ነገ እሑድ ለዚህ ሸንጎ ምሳ ታብላ።"

"ነገ አይሆንም" አልኩ። "ቡና አለብኝ። ሥራው ሲቀል እጠራችኋለሁ።"

ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺ አሉ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቆንስላው የቡና ወቅት ከመድረሱ በፊት ባለሙያ ይልክ ነበር፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለጅማም ለሊሙም መፈልፈያዎች። ብቻውን፣ በአውቶቡስ፣ ማንም ሳይሰማ። ኦኩዳ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ሙስጠፋን ኩሽኔታ መቀየር አስተምሮት ሄደ። በሁለቱ አገሮች መካከል ስለተደረገ ወዳጅነት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እኔ የማውቀው ግን ይህንን ነው። እናንተም ደጃችሁ ሰው ሲመጣ እጁን ከማስታጠባችሁ በፊት ለምን እንደመጣ ጠይቁት። ነውር አይደለም። ነውር ነው ካሏችሁም ጠይቁት።

በኔ ላይ የመጣው ለውጥ ግን ማሽኑ መነሣቱ አይመስለኝም። ማሽኑንማ በኋላ ዘመን ተለውጦ ካድሬዎች መጥተው የሕዝብ ነው ብለው ወሰዱት። ያኔም አይሆንም ብያቸዋለሁ። አልሰሙኝም፣ ማሽኑም ሄደ። ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የነገርኳቸው።